ግማሽ ደቂቃ የማይቆይ ፔፕታይድ፦ የ2008ቱ የሄፓሪን ጉዳይ

ጊዜው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2007 ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ። አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ልጆች ማሽኑ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ፊታቸው ያብጥ ጀመር። ልባቸው በፍጥነት ይመታል። ግፊታቸው ይወርዳል። ሰውነታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ለማንም ሐኪም አለርጂ የሚመስል ነገር ነው። ልጆቹ ታክመው ዳኑ፣ ነገሩም ያለፈ መሰለ። ጃንዋሪ ላይ ግን ተመልሶ መጣ።

ላብራቶሪ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ የብግነት ምልክቶችን ለሚለካ፣ ከዚህ ጉዳይ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ሰዎች የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ማጭበርበሩን ነው። እሱም መነሳት አለበት። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ደም ውስጥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይቆይ ነገር ሰው ማሳመሙን በምን ታረጋግጣለህ?

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሴንት ሉዊስ ያሉት ሰዎች ዝም አላሉም። ለግዛቱ ጤና ቢሮ አሳወቁ፣ ቢሮው ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 2008 ለአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ለሲዲሲ፣ አስታወቀ። ሲዲሲ ሌሎች የእጥበት ማዕከላትን ሲጠይቅ ተመሳሳይ ነገር ከየግዛቱ ይሰማ ጀመር። ማሽኑ ይሆን? ማጣሪያው? ቱቦው? እጥበት ላይ ደም የሚነካቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። አንድ በአንድ ሲጣራ የጋራ ሆኖ የቀረው ሄፓሪን ነበር፣ ያውም የአንድ ኩባንያ፣ የባክስተር ምርት። ባክስተር በጊዜው የአሜሪካን ሄፓሪን ግማሽ ያህል ያቀርብ ነበር። ጃንዋሪ 17 የተወሰኑ ምርቶቹን ከገበያ ሰበሰበ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ደግሞ የሚሰበስበውን አሰፋ።

ሄፓሪን ለማያውቅ፦ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ነው። እጥበት ላይ ደም ከሰውነት ወጥቶ በፕላስቲክ ቱቦና በማጣሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ ያለ ሄፓሪን ቶሎ ይረጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ያለ መጠን በአንዴ ደም ሥር ውስጥ ይገባል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ችግሩ መጀመሪያ እጥበት ክፍል ውስጥ የታየው ለዚህ ይመስለኛል። ትልቅ መጠን፣ በአንድ ግፊት፣ ነርሷ አጠገብ ቆማ እያየች። እዚያ ቤት አንድ ሰው ሲያብጥ አይደበቅም።

በኋላ የታተመው የሲዲሲ ጥናት ከኖቬምበር 19 ቀን 2007 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2008 ድረስ በ13 ግዛቶች፣ በ113 ታካሚዎች ላይ 152 ክስተቶችን ቆጥሯል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ ሄፓሪን ወስደው የአለርጂ ዓይነት ምልክት ወይም የግፊት መውረድ ታይቶባቸው የሞቱ 81 ሰዎች ሪፖርት ደርሶታል። እያንዳንዱን ሞት ያመጣው መድኃኒቱ ነው ማለት አይደለም፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ ድሮም ከባድ ሕመም ያለበት ነው። ቢሆንም 81 ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንግባ። የሄፓሪኑ ጥሬ ዕቃ የመጣው ከቻይና፣ ቻንግዡ ከተማ ካለ ፋብሪካ ነው። በ2006 እና 2007 የቻይናን አሳማዎች ሰማያዊ ጆሮ የሚባል በሽታ ፈጅቷቸው ነበር። አሳማ ሲያልቅ አንጀት ያልቃል፣ አንጀት ሲያልቅ ሄፓሪን ይወደዳል። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ርካሽ ነገር ቀላቀለበት። የተቀላቀለው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ነው፣ ያው ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ የሚሸጠው፣ ከእንስሳት ልም አጥንት የሚወጣው። ግን እንዳለ አይደለም። በኬሚካል ተጨማሪ ሰልፌት ተለጥፎበት፣ በተፈጥሮ የማይገኝ ነገር ሆኗል። እያንዳንዱ ጥንድ ስኳር ላይ አራት አራት ሰልፌት ተሰክቷል። ስሙ ከመጠን በላይ ሰልፌት የተጨመረበት ኮንድሮይቲን ሰልፌት ነው፤ ለማሳጠር በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ኦኤስሲኤስ እለዋለሁ።

ይህ ነገር የጊዜውን ምርመራ አለፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጊዜው ዋና ፈተና ጠቅለል አድርጎ የሚጠይቀው መድኃኒቱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል ወይ ብሎ ነው። ኦኤስሲኤስ ሄፓሪንን ይመስላል፣ የደም መርጋትንም በመጠኑ ይከለክላል። የተያዘው ኤንኤምአር በሚባለው፣ የሞለኪውልን አሠራር በማግኔት በሚያነብ መሣሪያ ነው። ንጹህ ሄፓሪን በመሣሪያው መለኪያ (ፒፒኤም) 2.04 አካባቢ አንድ ጫፍ ያሳያል፣ በተበከለው ላይ ግን አጠገቡ፣ 2.15 አካባቢ፣ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ጫፍ ቆሞ ነበር። ኤፍዲኤ ማርች ላይ በሰጠው የመጀመሪያ መግለጫ ብክለቱ ከመድኃኒቱ ክብደት ከ5 እስከ 20 በመቶ ነው አለ። ሲጨረስ የተበከለ ሄፓሪን በ11 አገሮች ተገኝቷል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሰዎች ታመው የነበረው ከሌላ ኩባንያ በመጣ ሄፓሪን ነው፣ ስለዚህ የባክስተር አሠራር ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ወደቀ።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኘ ማለት ሰውን ያሳመመው እሱ ነው ማለት አይደለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ለፍርድ ቤትም፣ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪም፣ በነገታው ሄፓሪን ለሚያዝ ሐኪምም። የቻይና ባለሥልጣናትም በወቅቱ ይህንኑ ነበር የተከራከሩት።

አሁን ብራዲኪኒን ይግባ። ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፔፕታይድ ናት፤ ፔፕታይድ ማለት ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች የተያያዘ አጭር ሰንሰለት ነው። በ1949 ብራዚል ውስጥ ማውሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫ ከባልደረቦቹ ጋር የጃራራካ እባብን መርዝ ሲያጠና ነው ያገኛት። ሥራዋ የደም ሥርን ማስፋት፣ ግድግዳውን ማሳሳት፣ ውሃው ወደ ሥጋ እንዲያፈስ ማድረግ ነው። ከንፈር ያብጣል፣ ግፊት ይወርዳል። ለግፊት ኢናላፕሪል ጀምሮ ደረቅ ሳል የያዘው ዘመድ ያለው ሰው ብራዲኪኒንን ያውቃታል ማለት ነው፣ ስሟን ባይሰማም። ኢናላፕሪል የሚዘጋው ኤሲኢ የተባለው ኢንዛይም ብራዲኪኒንን የሚሰባብር ዋነኛው ኢንዛይም ነው። እሱ ሲዘጋ እሷ ትጠራቀማለች፣ ሳሉ ይመጣል፣ አልፎ አልፎም ምላስና ከንፈር እስከማበጥ ይደርሳል።

አመጣጧ እንዲህ ነው። ደም ውስጥ ፋክተር 12 የሚባል ፕሮቲን አለ። ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ነገር ሲነካው ይነቃል። ሲነቃ ካሊክሬይን የሚባል ኢንዛይም ያስነሳል። ካሊክሬይን ደግሞ መቀስ ነው በሉት፤ ኪኒኖጅን የሚባለውን ትልቅ ፕሮቲን ቆርጦ ብራዲኪኒንን ያወጣል። ከኦኤስሲኤስ በላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ነገር ደግሞ ማግኘት ይከብዳል። አራቱን ሰልፌት አስታውሱ።

ፍንጩ ድሮም ነበር። በ1990 ከቤልጂየም አንድ ነገር ተዘግቦ ነበር፦ ኤኤን69 በሚባል ማጣሪያ የሚታጠቡ ሰዎች የኢናላፕሪል ቤተሰብ መድኃኒት ሲወስዱ እጥበቱ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ አለርጂ የመሰለ ድንገተኛ ሕመም ይይዛቸዋል። ማጣሪያው ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። በአንድ በኩል ብራዲኪኒን ይመረታል፣ በሌላ በኩል የሚሰባብረው ተዘግቷል። 18 ዓመት ቆይቶ ሴንት ሉዊስ ላይ ያንኑ ሥዕል ስናይ ያን የቤልጂየም ዘገባ ያነበበ ሰው ልቡ ወዲያው ወደ ብራዲኪኒን መሄዱ አይቀርም።

እንግዲህ ብራዲኪኒንን ለካ፣ ነገሩ ያልቅ የለም? አያልቅም።

ብራዲኪኒን ደም ውስጥ ዕድሜዋ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው፣ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነው። የታካሚው ፊት አብጦ፣ ነርሷ ሐኪም ጠርታ፣ አንድ ሰው ደም እንቅዳ ብሎ እስኪያስብ ድረስ ያቺ ፔፕታይድ የለችም። ይባስ ብሎ ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ፋክተር 12ን የሚያነቃው ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ነገር ነው ብለናል። ብርጭቆም እንደዚያ ነው። ደሙን በብርጭቆ ቱቦ ከቀዳህ ቱቦው ራሱ ብራዲኪኒን ያመርትልሃል። ከዚያ ማሽኑ ከፍተኛ ቁጥር ያወጣል፣ አንተም ታካሚው ውስጥ ነበር ብለህ ትጽፋለህ። መርፌው ቀጭን ከሆነ፣ ደሙ በግድ ከተሳበ፣ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ቁጥሩ ይለወጣል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ባይኖር ይሻላል ባይ ነኝ። ባዶ ቦታ ቢያንስ አይዋሽም።

ስለዚህ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ስብርባሪው አዞሩ። ኤሲኢ ብራዲኪኒንን የሚቆርጠው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ከጫፏ ሁለት አሚኖ አሲድ ያነሳል፣ ከዚያ ሌላ ሁለት። የሚቀረው የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ናቸው፦ አርጂኒን፣ ፕሮሊን፣ ፕሮሊን፣ ግላይሲን፣ ፌኒልአላኒን። ቢኬ ከ1 እስከ 5 ይሏታል። ይህች ቁራጭ ከእናቷ እጅግ የረዘመ ጊዜ ደም ውስጥ ትቆያለች፣ ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪም ትለካለች። ሌላው ዱካ የተቆረጠው ኪኒኖጅን ራሱ ነው። ልጅቷ ብትጠፋም የተቆረጠችው እናት ትቀራለች። ሁለቱም ግን ቱቦው ውስጥ የሚሠራውን መቀስ በቅጽበት የሚያስቆም መከላከያ ይፈልጋሉ፣ ደሙ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ውስጥ የተዘጋጀ። እጥበት ክፍል መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቱቦ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

የ2008ቱ ተመራማሪዎች ያደረጉት ግን ይበልጥ ብልህ ነው። ታካሺ ኪሺሞቶ፣ የኤምአይቲው ራም ሳሲሴካራንና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ሥራ ላይ ማስረጃው ያረፈው ጠርሙስ ውስጥ በቀረው መድኃኒት ላይ ነው። ከኤፍዲኤ የሄፓሪን ናሙናዎች ደረሷቸው፣ የትኛው የተጠረጠረ የትኛው ንጹህ እንደሆነ ሳይነገራቸው። የጤነኛ ሰው ፕላዝማ (የደም ሴሎች የተለዩለት ፈሳሽ) ላይ ጨመሩትና የሄደችውን ፔፕታይድ ከማሳደድ ይልቅ መቀሱን፣ ካሊክሬይንን፣ ጠየቁት።

መቀሱ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ሦስት አሚኖ አሲድ ያላት ሰው ሠራሽ ቁራጭ ትወስዳለህ፦ ፕሮሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ አርጂኒን። ልብ በሉ፣ ይህች ልክ እንደ ብራዲኪኒን ጭራ ናት። ካሊክሬይን ኪኒኖጅን ላይ ከሚቆርጥባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ እዚያ ጭራ ጫፍ ላይ ነው። ጫፏ ላይ ቀለም የለሽ ሞለኪውል ታስራለች። ካሊክሬይን ካለ ጭራዋን ይቆርጣል፣ የታሰረው ይፈታል፣ ሲፈታ ቢጫ ይሆናል። 405 ናኖሜትር ላይ ታነበዋለህ። በዚህ ዓይነት ፕሌት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ጉድጓዶቹ መጀመሪያ ውሃ ይመስላሉ፣ ከዚያ የተወሰኑት እንደ ቀጭን ሻይ፣ እየቆዩ እንደ ጠጅ ቢጫ ይሆናሉ፣ ማሽን ሳያስፈልግ በዓይን ይለያሉ። ይህም በራሱ የፔፕታይድ ስብርባሪ መለካት ነው። ልዩነቱ ስብርባሪውን አንተ ታዘጋጃለህ፣ ቶሎ ብሎም አይጠፋም።

ኦኤስሲኤስ ያለበት ሄፓሪን ካሊክሬይንን አነቃ። ንጹሁ አላነቃም። በላብራቶሪ የተሠራ ኦኤስሲኤስ ብቻውን ሲጨመርም ያንኑ አደረገ፤ ይህ ሌላ ያልታወቀ ብክለት ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ የዘጋ ነው። አንድ የሚገርም ነገርም ታየ፦ መጠኑ ሲጨምር ምላሹ ይጨምርና ከአንድ ደረጃ በላይ ሲሆን መልሶ ይቀንሳል። ፈተናውን በአንድ ከፍተኛ መጠን ብቻ የሚሠራ ሰው ምንም የለም ብሎ ሊወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ናሙናን በተለያየ ደረጃ አቅጥኖ ማየት የሚባለው አሰልቺ ሥራ እዚህ ጉዳይ ላይ እውነቱን ያዳነ ነው።

ሁለተኛው መስመር ኮምፕሌመንት ነው፣ ደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ፕሮቲኖች ቡድን። ሲ3 እና ሲ5 የሚባሉ ፕሮቲኖች ሲቆረጡ ሲ3ኤ እና ሲ5ኤ የሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ይወድቃሉ፣ 77 እና 74 አሚኖ አሲድ ያላቸው። እነዚህ ራሳቸው አለርጂ የሚመስል ነገር ያስነሳሉ። እነሱም በደም ውስጥ እንደ ነበሩ አይቆዩም፣ አንድ ኢንዛይም የመጨረሻዋን አርጂኒን ወዲያው ይነቅላል። ላብራቶሪያችን ሲ3ኤ ብሎ የሚያወጣው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይህቺው አርጂኒኗ የተነቀለባት ናት። ኤላይዛ በሚባለው፣ በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ ምርመራ ትለካለች፣ ከብራዲኪኒንም የበለጠ ትዕግሥት አላት። ኦኤስሲኤስ እነዚህንም አስነሳ። ግን በየትኛው በር? የተጠበቀው ኮምፕሌመንቱን በቀጥታ ነክቶ ነው የሚል ነበር። ፋክተር 12 የሌለው ፕላዝማ ላይ ሲሞከር ግን ኮምፕሌመንቱም ጸጥ አለ። ሁለቱም መንገድ የሚነሳው ከአንድ በር ነው። ብራዲኪኒኑንም ኮምፕሌመንቱንም የከፈተው ፋክተር 12 ነው። ይህ ማንም አስቀድሞ ያልገመተው ነው፣ ያለ እነዚህ ስብርባሪ መለኪያዎችም አይታወቅም ነበር።

ቀጥሎ እንስሳ። የተለያዩ እንስሳት ፕላዝማ ተፈትሾ ለኦኤስሲኤስ እንደ ሰው የሚመልስ ሆኖ የተገኘው አሳማ ነው። አሳማዎች ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ግፊታቸው ወረደ፣ ካሊክሬይናቸውም ከፍ አለ። ሌላ እንስሳ ላይ ብቻ ቢሞከር ኖሮ መድኃኒቱ ነጻ ሊባል ይችል ነበር። በእንስሳ ሙከራ ውጤት ላይ ከመከራከር በፊት የእንስሳውን ፕላዝማ በቱቦ ማየት ስንት ጊዜ እንደሚያድን እዩ።

የእኔን አስተያየት ልበል። ይህ ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ስውር ናሙና፣ ንጹህ ማነጻጸሪያ፣ የተሠራ ኦኤስሲኤስ፣ ፋክተር 12 የሌለው ፕላዝማ፣ ሕያው እንስሳ። ሰንሰለቱ የትም አይላላም። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ያበጡት ልጆች ያኔ የተቀዳ፣ በወጉ የተቀመጠ ደም ቢኖራቸው ማን ለምን የበለጠ እንደታመመ ማወቅ ይቻል ነበር። ለምሳሌ ኢናላፕሪል የሚወስድ የእጥበት ታካሚና የማይወስድ አንድ ጠርሙስ ሄፓሪን ቢካፈሉ በፔፕታይዳቸው ላይ የሚታየው ልዩነት ትልቅ ትምህርት ነበር። አንድ ነገር ብዙ ሰው ላይ ደርሶ የተወሰኑት ብቻ ሲወድቁ መልሱ ያለው ብዙ ጊዜ ሰባባሪው ኢንዛይም ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የአሜሪካ መድኃኒት መስፈርት በ2008 ተቀይሮ ኤንኤምአር የሄፓሪን ፈተና ውስጥ ገባ። ኤፍዲኤም የቻንግዡን ፋብሪካ ምርቱን ከመፍቀዱ በፊት ሄዶ አይቶት እንደማያውቅ ወጣ፤ ስሙን ከሌላ ፋብሪካ ስም ጋር አምታትተውት ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። የስም ስህተት ነው፣ ሰው ላይ የደረሰው ግን ስም አይደለም።

እጥበት ክፍል ለምትሠሩ፣ በተለይ አገር ቤት ላላችሁ፣ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሰው እጥበት ላይ ድንገት ሲያብጥ ሕክምናው ይቀድማል፣ እሱ አያከራክርም። እጅ ነጻ ሲሆን ግን ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል) ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ደም ቅዱ፣ በረዶ ላይ አስቀምጡ፣ ቶሎ አሽከርክሩና ፕላዝማውን ለዩ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪጅ ካለ እዚያ አስገቡት፣ ከሌለም የት እንዳለ ዛሬ ጠይቁ እንጂ ያን ቀን አትፈልጉት። ኢዲቲኤ ኮምፕሌመንቱን ያስቆምላችኋል፣ ሲ3ኤ ቱቦ ውስጥ እንዳትፈላ። ለብራዲኪኒን ብቻውን አይበቃም፣ እሷ የራሷን መከላከያ ትፈልጋለች። ታካሚው ኢናላፕሪል ወይም ካፕቶፕሪል ይወስድ እንደሆነ ጻፉ። የተረፈውን የሄፓሪን ጠርሙስ አትጣሉ፣ የምርት ቁጥሩን ገልብጡ፣ ጠርሙሱን ከነቀሪው አሽጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ቱቦው ላይ ደግሞ መርፌው የገባበትን ሰዓትና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ ሁለቱንም፣ በደቂቃ።